ከዶሮ የተቋጠረችው ጉጉት

እስቲ ይህችን ዝንብ ተመልከቱ። እዚያ ሱቅ መስኮት ላይ፣ የክብሪት ቀፎ በምታክል የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ተኝታለች። ጠጋ በሉ፤ አትነክስም፤ ነፍስ ኖሯት አያውቅም። ክንፎቿ ቡናማ ሆነው ነጣ ነጣ ያለ ዝንጉርጉር ጣል ጣል ብሎባቸዋል፤ ጠርዛቸው እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰ ነው። ከሆዷ ሥር መንጠቆ አለ። መንጠቆው ዓሣ ማጥመጃ ነው። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን ሰው ማጥመጃ ነው፦ «የእሳት እራት፤ ከእውነተኛ የጉጉት ላባ በእጅ የተቋጠረች።»

ውሸት ነው። የተቋጠረችው ከዶሮ ነው። ያውም ዕንቁላል መጣል ካቆመች ቆየት ካለች አሮጊት ዶሮ።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው፦ ለመዝናናት ብለው ዓሣ የሚያጠምዱ ጌቶች ትል መንካት ይጸየፋሉ። ስለዚህ ከላባና ከክር የተሠራች ዝንብ ውሃው ላይ ይወረውራሉ። ዓሣው ምስኪን ነፍሳት የወደቀ መስሎት አፉን ይከፍታል፤ ይያዛል፤ ጌትዬው አቅፎት ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ መልሶ ይለቀዋል። ዓሣው ከንፈሩን ተቀዶ ወደ ቤቱ፣ ሰውዬው ፎቶውን ይዞ ወደ ቤቱ። ይህም ተፈጥሮን መውደድ ይባላል።

እነዚያን ዝንቦች የሚሠሩ ሴቶች ቋጣሪዎች ይባላሉ። ከእነሱ ሁሉ የበለጠችውን ሰዉ እትዬ ቋጠሮ ይላታል። የወጣላት ስም ነው፤ እሷም ትወደዋለች።

እትዬ ቋጠሮ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወርክሾፑ ውስጥ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አሥራ አንድ ሴቶች አሉ፤ በእያንዳንዷ ፊት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የታሠረች ትንሽ ሞርሳ አለች፤ ሞርሳዋ መንጠቆውን በጥርሷ ነክሳ ትይዛለች። ግራ እጅ ላባውን፣ ቀኝ እጅ ክሩን። መስኮት አይከፈትም፤ ነፋስ ላባውን ይበትነዋል። በዚያ ቤት ማስነጠስ ከስርቆት ይከፋል፤ አንዲት ሴት ካስነጠሰች የሦስት ሴቶች የግማሽ ቀን ሥራ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ደንብ አላቸው፦ ማስነጠስ የመጣባት እጇን ታነሣለች፣ «መጣ!» ትላለች፣ ሁሉም መዳፉን ላባው ላይ ይከድናል፣ ከዚያ ታስነጥሳለች። «ይማርሽ» የሚባለው መዳፉ ከላባው ላይ ከተነሣ በኋላ ነው።

እትዬ ቋጠሮ አንገት ላይ ደግሞ ፎቶዋ ያለበት፣ በፕላስቲክ የታሸገ ካርድ ይንጠለጠላል፤ «ላባ የመያዝ ፈቃድ» ይላል። የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ያድሰዋል። ያለ እሱ ቋጣሪ የትም ቦታ ሞርሳ ፊት መቀመጥ አትችልም። ዶሮ አርዶ ላባዋን ቆሻሻ ላይ የሚደፋ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ያንኑ ላባ አንሥቶ ጥበብ የሚሠራበት ግን ይጠየቃል።

ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ፣ «ይሄ ከአውራ ዶሮ አንገት ነው፤ ይሄ ከዳክዬ ጎን ነው» ትላለች። ባሏ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። «እኔ ዲዳውን አስለፈልፋለሁ፣ አንቺ ሙቱን ታበሪያለሽ፤ ሁለታችንም በአስማት ብንከሰስ አይገርመኝም» እያለ ይቀልድባታል።

ጉጉቷ እንዴት መጣች? የወርክሾፑ ባለቤት አባት አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የጉጉት ላባ ትተው ነበር የሞቱት። የጉጉት ላባ እንደ ሌላው አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነፍስ እንዳለው ይተነፍሳል። ከዚያ ሕግ ወጣ፦ ጉጉት መግደል፣ ላባዋን መልቀም፣ መሸጥ፣ መቋጠር ክልክል። ደግ ሕግ ነው። ማንንም ሳትነካ አይጧን ስታድን የምታድር ወፍ ናት፤ ለአንድ ጌታ ፎቶ ብላ የምትሞትበት ምክንያት የለም። ቆርቆሮው ለመንግሥት ተሰጠ። ደንበኞች ግን ጉጉት ጉጉት ማለታቸውን አልተዉም።

«ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አለች እትዬ ቋጠሮ።

የሽንኩርት ልጣጭ ቀቀለች። የወፈረ ሻይ አፈላች። የአሮጊቷን ዶሮ የክንፍ ላባ በሻዩ ነክራ፣ በልጣጩ ውሃ ጠቃቅሳ፣ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አለሰለሰች። ጠርዙ ግን ዶሮ ዶሮ እያለ አስቸገራት። በመጨረሻ የቅማል ማበጠሪያ አምጥታ ጠርዙን እያንዳንዱን በማበጠሪያ ጥርስ ፈታች። አርባ አንዱ ተበላሸ። አርባ ሁለተኛውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ስታየው ልቧ ቅቤ ጠጣ። ጉጉት!

ባለቤቱ አጨበጨበ። ይህ ሰውዬ ዓይኗ እያየ ያደገ ልጅ ነው፤ ወርክሾፑን ከአባቱ ወርሶ ጌታ ሲሆን እሷም በአፏ «እርስዎ»፣ በልቧ «አንተ» ማለት ጀመረች። ጉዳይ ሲኖረው «እትዬ ቋጠሮ» ይላታል፤ ጉዳይ ሲያልቅ «አንቺ ሴትዮ»። በመጀመሪያ ሣጥኑ ላይ «ጉጉት መሰል» ብሎ ለጠፈ። በስድስተኛው ወር «መሰል» የሚለው ቃል ጠፋ።

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል ጎድሏል» አለችው።

«ወረቀቱ ጠባብ ሆኖ ነው፤ ቦታ አልበቃ አለ።»

በሚቀጥለው ወር በዚያው ጠባብ ወረቀት ላይ «እውነተኛ» የሚል ቃል ተጨመረ። ለሱ ቦታ አልጠፋም። እሷም ዝም አለች። ይህን አልደብቅላትም፤ ዝም ብላለች። ሰው «እውነተኛ» ብሎ ሲገዛላት ውስጧ ትንሽ ደስ ይለው ነበር።

አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ አዲስ ተቆጣጣሪ መጣ። ፋይሉን በብብቱ ይዞ ዘው አለ፤ ማንንም ሰላም ሳይል፣ እጁንም ሳያነሣ፣ «አንጥሼ!» አለ። ምድር ቀውጢ ሆነ። የአሥራ አንድ ሴቶች ላባ አየር ላይ ተበተነ። ሴቶቹ «ኧረ እጅ! ኧረ እጅ ይነሣ!» እያሉ ሲጮኹ እሱ ከላይ እስከ ታች ላባ ለብሶ ቆመ። ከንፈሩ ላይ የተለጠፈውን አንዱን በጣቱ አነሣና ትክ ብሎ አየው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ» አለች እትዬ ቋጠሮ።

«ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ «ዶሮ ነው» ብትል ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ ነበር። ግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዋን የሚያውቅ ሰው ዓይቶላት አያውቅም። ልትፈትነው ፈለገች።

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

አጉሊ መነጽሩን አወጣ። አገላበጠው። ዓይኑ በራ። «ጉጉት! ጥርጥር የለውም፤ ጉጉት!»

እትዬ ቋጠሮ በሁለት እጇ አጨበጨበች። «እሰይ! ተመስገን!» አለችና እስክታነባ ሳቀች። የመንግሥት ሰው፣ ያውም በአጉሊ መነጽር፣ ጉጉት ነው አለላት! ከዚህ በላይ ምን ሽልማት አለ? ተቆጣጣሪው ግን እስክሪብቶውን አውጥቶ ይጽፍ ነበር፦ «ተጠርጣሪዋ እጅ ከፍንጅ ስትያዝ ስቃለች፣ ፈጣሪዋንም አመስግናለች።»

ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። «ኧረ ዶሮ ነው፣ ጌታው! እየቀለድኩ ነው እኮ።»

«ሣጥኑ ላይ ምን ይላል?» አለና በጩኸቱ ከቢሮው ወደ ወጣው ባለቤት ዞረ። «እርስዎ ይንገሩኝ። ጉጉት ነው ወይስ ዶሮ?»

ሁሉም ባለቤቱን አየ። ጉጉት ካለ ወንጀለኛ፣ ዶሮ ካለ አጭበርባሪ ሊሆን ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኔ እንኳ የላባ ሰው አይደለሁም» አለ። ከራሱ በላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ «ሦስት ትውልድ በላባ ሥራ» ይላል።

ተቆጣጣሪው ላባውን፣ አርባ ዝንቦችንና የእትዬ ቋጠሮን ካርድ ወስዶ፣ በሳምንቱ መሥሪያ ቤት ቀርባ ቃሏን እንድትሰጥ አዘዘና ሄደ።

በማግስቱ ባለቤቱ ቢሮው አስጠራት።

«እትዬ ቋጠሮ፣ ቁጭ በይ። ሻይ ልዘዝልሽ?»

በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሻይ ሲያዝላት የመጀመሪያው ነው። ያኔውኑ ደነገጠች። የተተየበ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገ፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ግለሰብ፣ አሠሪዬ ሳያውቅ ከጉጉት ጎጆ ሥር የወደቀ ላባ ለቅሜ የቋጠርኩ መሆኔን አምናለሁ።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትፈርሚያለሽ፤ ማስጠንቀቂያ ይሰጡሻል፤ አለቀ። ደቃቃ ነገር ነው።»

«ካርዴስ?»

«ካርዱማ... ለጊዜው ይያዛል።»

«ለጊዜው ስንል ስንት ጊዜ ነው?»

«ሕጉ ለዘለዓለም ይላል። ሕግ ደግሞ ታውቂው የለ፣ ማጋነን ይወዳል።»

«ዶሮ ነው ብልስ? እውነቱን ብናገርስ?»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለዶሮ ማን የመስታወት ሣጥን ይሠራል? ዶሮ ካልሽ ነገ እዚህ ወንበር የለሽም። ቁርጡን ልንገርሽ።»

ሻዩ ሳይመጣ ወጣች።

ማታ ራት ላይ ባሏ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ነገሩን ሁሉ ሰማ።

«ብፈርም ካርዴ ይሄዳል። ባልፈርም ወንበሬ ይሄዳል። በል እንጂ፣ አንድ ነገር ተናገር!»

«ምን ልበል የኔ እመቤት? ሰው ሰርቆ ይከሰሳል፣ ገድሎ ይከሰሳል። ሙያ በዝቶበት የተከሰሰ ያየሁት አንቺን ነው።»

«አትቀልድ!»

«አልቀለድኩም። ይልቅ ከሁሉ ምኑ ነው ያቃጠለሽ? ወንበሩ ነው?»

«መልቀሙ» አለች። «'ለቅሜ' ይላል ወረቀቱ! መልቀምማ ማን ያቅተዋል? አርባ አንድ ላባ ነው ያበላሸሁት! ጣቴ በልጣጭ ውሃ ወር ሙሉ ቢጫ ሆኖ! ለቃሚ ብለው ሊጽፉኝ!»

«እንግዲያው መልሱን አግኝተሻል» አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። «ጨው አቀብዪኝ።»

በቀጠሮዋ ቀን ከተረፏት የዶሮ ክንፍ ላባዎች አንዱን፣ ያልተበጠረውን፣ በፖስታ ይዛ ሄደች። መሥሪያ ቤቱ ግቢ ስትደርስ መሰላል ቆሟል። ሁለት ሠራተኞች ከጣሪያው ሥር ያለውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ይደፍናሉ። ዘበኛው መጥረጊያውን ተደግፎ ሽቅብ ያያል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ጉጉቶች ነበሩበት። ባልና ሚስት። የኃላፊው መኪና ላይ አራት ጊዜ ጣሉበት፤ ይነሡ ተባለ።»

«የት ሄዱ?»

«እኔ ልከተላቸው እንዴ?» አለና መሬት ላይ የተበተነውን ላባ ወደ ቆሻሻው ይጠርግ ጀመር። ጉጉት! እውነተኛው፣ ሕግ የጠበቀው፣ በመጥረጊያ እየተጠረገ! እጇ ሊያነሣው ቃጣ፤ ከዚያ ካርድ እንደሌላት ትዝ አላት። በዚያ ግቢ ውስጥ ሕጉን ያከበረች ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች።

ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ ተቆጣጣሪው ፊት ቆመች።

«ዶሮ መሆኑን አሳይዎታለሁ። ከግቢያችሁ አንድ የጉጉት ክንፍ ላባ ያስመጡልኝ። እኔ መንካት አልችልም።»

ደስ ሳይለው አስመጣ። እሷም አስረዳችው፦ ጉጉት ስትበር ክንፏ አይሰማም፤ አይጥ እንዳትሰማት ላባዋ እንዲያ ነው የተፈጠረው። ዶሮ ግን ከማን ልትደበቅ? የዶሮ ክንፍ ላባ አየር ሲቀዝፍ ይጮኻል። ለስላሳ ጠርዝ በማበጠሪያ ይሠራል፤ ዝምታ ግን አይሠራም። ከወሰዱባት ላባዎች አንዱን ጆሮው አጠገብ ቢያወናጭፈው ይሰማዋል።

«መጀመሪያ ይሄን ማራገቢያ ያጥፉት።»

ማራገቢያው ጠፋ። ከወዲያ ክፍል ፎቶ ኮፒ ማሽን ያንጓጓል። «እሱም ይጥፋ!» አለች። ጠፋ። ማኅተም የሚመታው ሰው እጁን አየር ላይ አቆመ። ጸሐፊዋ ማስቲካ ማኘኳን ተወች። ሃያ ሦስት ዓመት በጸጥታ የሠራች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸጥ አደረገች።

ተቆጣጣሪው የጉጉቱን ላባ በጆሮው በኩል አሳለፈው። ምንም። መልሶ አሳለፈው። ምንም።

«አሁን ከኔ የወሰዱትን ያምጡ።»

ፋይሉን ያገላብጥ ጀመር።

«ላባዬን፣ ጌታው። አርባዎቹን ዝንቦች።»

«ተቃጥለዋል» አለ ቀስ ብሎ። «በመመሪያው መሠረት። ባለፈው ዓርብ። ኃላፊው እሳቱ አጠገብ ፎቶ ተነሥተዋል።» ግድግዳው ላይ ፎቶው ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ለተቆጣጣሪው የተሰጠ የምስጋና ወረቀት አለ፦ «በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን የጉጉት ወንጀል ስላጋለጡ።»

«ጉጉት ለመጠበቅ ብላችሁ የዶሮ ላባ አቃጠላችሁ?»

«እናቴ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

ፖስታዋን ከፈተች፤ ይዛ የመጣችውን የዶሮ ላባ አውጥታ በጆሮው በኩል ወነጨፈችው። *ሽው!* ጸሐፊዋ እንኳ ሰማች። ማኅተም የያዘው ሰው «አቤት!» አለ።

«ሰማሁ» አለ ተቆጣጣሪው። «ሰምቻለሁ። ግን ይሄ ዛሬ ያመጣሽው ነው፤ የተያዘው አይደለም። ሪፖርቱም ላይ ሄዷል። ሪፖርት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይመጣም። አሠሪሽም ጉጉት ቢሆን ይመርጣል፤ እኛም ጉጉት ቢሆን ይሻለናል። አንቺ ብቻ ነሽ ዶሮ የምትይው። ፈርሚና ሁላችንም እንረፍ።» አሠሪዋ አስቀድሞ የላከለትን ያንኑ የተተየበ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«ከጣሪያችሁ ሥር የምታባርሯቸውስ? ሪፖርት አላቸው?»

«እሱ የሕንፃ ጥገና ክፍል ጉዳይ ነው። እኛን አይመለከትም።»

ይህን እንደ ዋዛ ነው ያለው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለ! ጆሮው ሰምቷል፤ ወንበሩ ነው አልሰማሁም ያለው። እንዲህ ያለ ሰው በየፎቁ፣ በየበሩ ጀርባ ተቀምጧል፤ ሰምቶ ያልሰማ፣ አይቶ ያላየ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ልጆቹን «ውሸት ነውር ነው» የሚል።

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች። ወረቀቱ ላይ «ለቅሜ» የሚለውን ቃል በወፍራሙ ሰረዘች። ከሥሩ በተጣመመ ጽሕፈቷ እንዲህ ጻፈች፦ «ዶሮ ናት። በሻይ፣ በሽንኩርት ልጣጭና በቅማል ማበጠሪያ የሠራኋት እኔ ነኝ። ሣጥኑ ላይ ሲዋሽ ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነው። አልለቀምኩም።» ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች።

«ይሄ በቅጹ ላይ የለም!» አለ ተቆጣጣሪው።

«አሁን አለ» አለችና ወጣች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሞርሳዋ ከጠረጴዛው ተፈታች። አሥሩ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ይቋጥሩ ነበር፤ አንዷ ብቻ ብድግ ብላ ሳመቻት። ባለቤቱ ቢሮውን ዘግቶ ስልክ ላይ ነበር፤ የተቃጠለው የጉጉት ዝንብ ወሬ በጋዜጣ ከወጣ ወዲህ ፈላጊው በዝቷል፤ ቀድመው የተሠሩት ሣጥኖች ዛሬም መስኮቱ ላይ ናቸው። «መንግሥት የከለከለው» ተብሎ ሲወራለት ገዢ እንዴት አይጎመጅ?

ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ፦ «ኤግዚቢቱ በመመሪያው መሠረት የተወገደ በመሆኑ የዶሮነት አቤቱታዎን ማጣራት አልተቻለም። ሆኖም ከምርመራው ቀን በፊት የተሸጠ አንድ ዝንብ በገዢው እጅ በአካል ከቀረበ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልቀረበ ፈቃድዎ ለዘለዓለም ይሰረዛል።»

እትዬ ቋጠሮ ገዢ ፍለጋ ወጣች። አንደኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማትና፣ «እኔ የገዛሁት ጉጉት ነው፤ ቤቴ ዶሮ አታግቢብኝ» ብሎ ዘጋባት። ሁለተኛው ዝንቧን ከዓሣው ፎቶ ጋር በፍሬም አድርጎ ሳሎኑ ሰቅሏታል። አዘነላት፤ ሻይም አቀረበላት፤ ግን «እንግዶቼ ምን ይሉኛል?» አለ። ሦስተኛው ጭራሽ ሳቀ፦ «እትዬ፣ ለኔማ ዓሣውም ተታሏል፤ እኔ ብታለል ምን ይገርማል?» ብሏት ጎረቤቱ ድረስ እያወራ ሸኛት፤ ዝንቧን ግን አልሰጣትም። አሁን ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። ጣቶቿ ሥራ ፈት ሆነው መቀመጥ አልቻሉም፤ የባሏን የተበጠሱ ሽቦዎች ትቋጥራለች።

እንግዲህ እናንተ፣ ያን ሣጥን ከምርመራው በፊት የገዛችሁ፣ ወይም የገዛ አጎት፣ አማች፣ አለቃ ያላችሁ፦ መታለላችሁ እንዳይታወቅ ብላችሁ አትደብቁት። ዓሣ ሲታለል ከንፈሩ ይቀደዳል፤ የእናንተ ከንፈር ደኅና ነው፤ ተናገሩበት። መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ሦስተኛው በር ነው፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነው። ዝንቧን ይዛችሁ፣ ራሳችሁ በእግራችሁ ሂዱላት፤ ነገ ሳትሉ፣ ዛሬ።